ፕሮሶፒስን ተጠቅሞ ማጥፋት ይቻላል?

እምቦጭ ጣና ላይ ሲንሰራፋ አገር ምድሩ ነው የተነሳው። መዋጮ ተሰበሰበ፣ ማሽን መጣ፣ ወጣቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ደግ ተደረገ። አፋር ውስጥ ስላለው ፕሮሶፒስ ግን የዚያን ያህል ሲወራ አንሰማም። ይህ እሾሃም ቁጥቋጦ በክልሉ ውስጥ የያዘው መሬት እ.ኤ.አ. በ2017 በሳተላይት ምስል ሲለካ 1.17 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። የጣና ሐይቅ ስፋት 300 ሺህ ሄክታር አካባቢ ነው። ጣናን ዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ አልብሶ የሚተርፍ እሾህ ማለት ነው።

ለምን አይወራለትም? አንዱ ምክንያት ሩቅ መሆኑ ነው። ሌላው አረንጓዴ መሆኑ ነው። በአዋሽ በኩል ወደ ጅቡቲ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ገዋኔ አካባቢ ሲደረስ መንገዱ ግራና ቀኝ በለምለም ቅጠል ይታጠራል። ከዚያ ሁሉ ጠጠርና አቧራ በኋላ ዓይን ያርፋል። «ተመስገን፣ እዚህስ ደን አለ» ያሰኛል።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁለቱም ይከብዳል። ፕሮሶፒስ ገንዘብ አለው። መንገድ ዳር ተደርድሮ ገዢ የሚጠብቀው በማዳበሪያ የታጨቀ ከሰል ከየት የመጣ መሰላችሁ? ነገሩን ሁሉ የሚያወሳስበው ይሄ ነው። አንድን ወራሪ ተክል እየሸጡ ማጥፋት ይቻላል ወይ? ብዙ ሰው «አዎ» ይላል። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። ለምን እንደሆነ ለማየት ተክሉን ራሱን ጠጋ ብሎ ማወቅ ይጠይቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማን አመጣው?

የፕሮሶፒስ የትውልድ አገሩ አሜሪካ አህጉር ነው፤ ከሜክሲኮ ተነስቶ በካሪቢያን አድርጎ እስከ ደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል። የሳይንስ ስሙ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ነው። በቅርቡ የዕፅዋት ሊቃውንት ኔልቱማ ወደሚባል ሌላ ወገን አዛውረውታል፣ በአዲሱ ስሙ የሚጠራው ግን ገና ጥቂት ሰው ነው። አፋሮች ደርጊ ሐራ፣ የደርግ ዛፍ ይሉታል። የገባውም በየቦታው የተተከለውም በዚያ ዘመን ነውና ስሙ በዚያው ጸንቶ ቀረ።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መካከለኛው አዋሽ ላይ፣ በአሚባራና በመልካ ወረር ዙሪያ፣ ሰፋፊ የመስኖ ጥጥ እርሻዎች ነበሩ። ነፋሱ አፈሩን ያነሳል። ጥላ የለም። ማገዶ እየጠፋ ነው። በመስኖው የተነሳ መሬቱ ጨው ያወጣል። ድሬዳዋ አካባቢም ችግሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በዚህ ሰዓት ድርቅ የማይበግረው፣ ጨው የማይገድለው፣ ቶሎ የሚያድግ፣ ለጥላም ለማገዶም ለመኖም የሚሆን ዛፍ አለ ቢባል ማን እምቢ ይላል? በችግኝ ጣቢያ ተፈላ። በምግብ ለሥራ ፕሮግራም በየቦታው ተተከለ። ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም። ኬንያም፣ ሱዳንም፣ ህንድም በየራሳቸው ጊዜ በዚሁ ሐሳብ ተክለውታል።

የተተከለበትን ሥራ ሠርቷል፣ ይህን መካድ ነውር ነው። ነፋስ ከለከለ፣ ጥላ ሆነ። ጣጣው የመጣው ከተተከለበት ሲወጣ ነው። ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከመንግሥት እርሻዎቹ ብዙዎቹ ቆሙ፣ መሬቱም ወደ ጎሳዎቹ ተመለሰ። ሳይታረስ የከረመውን ማሳ ፕሮሶፒስ ቀድሞ ያዘው። ከዚያ የአዋሽን ጎርፍ ተከትሎ ወረደ፣ ከከብቱ ጋር ደግሞ ወደ ግጦሹ ወጣ።

ከላም ሆድ እስከ መንደር

የመስፋፋቱ ምስጢር ፍሬው ላይ ነው። ፍሬው እንደ ባቄላ እሸት ረዘም፣ ጎበጥ ያለ ነው። ሲበስል ብጫ ይሆናል። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ሰብሮ ለቀመሰው ይጣፍጣል፣ ሥጋው ስኳር አለበት። ውስጡ ትናንሽ ዘሮች በተርታ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ዘር ደግሞ ጠንካራ ቅርፊት ለብሷል። በጥፍር ልፈልቅቀው ቢሉት እሺ አይልም።

አንዲት ላም ይህን ፍሬ በላች እንበል። ሣር ደርቋል፣ እሷም ርቧታል፣ ከዛፉ ሥር ግን የረገፈ ጣፋጭ ፍሬ ሞልቷል። ጣፋጩ ሥጋ ሆዷ ውስጥ ይፈጫል። ዘሩ ግን አብዛኛው ሳይሰበር ያልፋል። እንዲያውም የጨጓራዋ አሲድ ያን ጠንካራ ቅርፊት ስለሚያሳሳለት ውለታ ነው የሚውልለት። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ምናልባት ከዛፉ ብዙ ኪሎሜትር ርቃ፣ እበቷን ትጥላለች። ዘሩ ቅርፊቱ ሳስቶለት፣ ምግቡንና እርጥበቱን ይዞ አዲስ አገር ገባ። ዝናብ ጠብ ሲል ከዚያች ከአንዷ ክምር እበት ብዙ ችግኝ ተጠጋግቶ ብቅ ይላል።

ፍየሉም፣ ግመሉም፣ ከርከሮውም ይህንኑ ያደርጋሉ። ጎርፉም ፍሬውን ጠርጎ ወንዝ ዳር ያራግፈዋል። በዚያ ዓመት ያልበቀለው ዘር ቢሆን አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ለዚህ ነው ፕሮሶፒስ መጀመሪያ የሚታየው በበረት ዙሪያ፣ በውሃ ጉድጓድ ዳር፣ በከብት መሄጃ መንገድ ላይና በወንዝ ዳርቻ የሆነው። የት ሊደርስ እንደሚችል ማወቅ የፈለገ ከብቱ የት የት እንደሚሄድ ይጠይቅ።

ከበቀለ በኋላ ደግሞ ሥሩ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ ወደ ጎን ተዘርግቶ የዝናቡን ውሃ ይሻማል። ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፣ የከርሰ ምድር ውሃ እስኪያገኝ። አሪዞና ውስጥ የዚህ ተክል የቅርብ ዘመድ የሆነ ዛፍ ሥር በማዕድን ቁፋሮ ጊዜ ከ50 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተገኝቷል። ሃምሳ ሜትር! ሣር ከዚህ ጋር እንዴት ይወዳደር?

መቁረጡስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሞኘው። ፕሮሶፒስን በመጥረቢያ ከመሬት በላይ ብትቆርጡት አይሞትም። ከአፈሩ ወለል ዝቅ ብሎ ሥሩ አንገት ላይ የተኙ እምቡጦች አሉት። ግንዱ ሲቆረጥ እነሱ ይነቃሉ። አንድ ግንድ የነበረው ጉቶ በሚቀጥለው ዝናብ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። ግንዱ ያነሰ፣ እሾሁ የበዛ፣ ለመግባት የማይመች ቁጥቋጦ ይሆናል። በእውነት ለመግደል በዶማ ዙሪያውን ቆፍሮ ያንን የሥር አንገት ከነእምቡጡ ማውጣት ግድ ነው። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ እሾህ መሃል፣ አንድ ትልቅ ጉቶ ስንት ላብ እንደሚጠይቅ አስቡት።

ሣሩ የት ገባ?

አፋር አርብቶ አደር ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ዝናብ ሲሆን ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ሲደርቅ ወደ አዋሽ ዳርቻ ይመለሳል። ያ ጎርፍ የሚተኛበት የወንዝ ዳር መሬት ክፉ ቀን የሚያሳልፉበት መጠባበቂያ ነው። ፕሮሶፒስ የያዘው ደግሞ በትክክል ያንን ነው። ስለዚህ «ከክልሉ መሬት ስንት በመቶ ተወረረ» የሚለው ቁጥር ጉዳቱን አሳንሶ ነው የሚያሳየው። አስር ሄክታር የድንጋይ ሜዳ ከማጣት አንድ ሄክታር የወንዝ ዳር ሣር ማጣት ይብሳል።

ቁጥቋጦው ሲጠቅጠቅ ከሥሩ ብርሃን አይገባም። ቅጠሉ ሲረግፍ ደግሞ የሌላ ተክል ዘር እንዳይበቅል የሚያውኩ ኬሚካሎች አሉት። ሣሩ ይጠፋል፣ የግራሩ ችግኝም ይቀጭጫል። ግመልና ፍየል ቅጠል ቀንጣቢ ስለሆኑ ሌላ ዛፍ ፍለጋ ይሄዳሉ። ከብት ግን ሣር ካጣ አለቀለት። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ከብቱን እየቀነሰ ወደ ፍየልና ግመል አዘነበለ። ይህ እንዲሁ የእንስሳ ቅያሪ ይመስል ይሆናል። ከብት ከቤት ሲወጣ ወተቱም ቅቤውም አብሮ ይወጣል። ግጦሽ ሲጠብም ጎረቤት ከጎረቤት ይጋፋል፤ በአፋርና በኢሳ መካከል ለዘመናት የኖረው የግጦሽና የውሃ ግጭት ላይ ሌላ ጭድ መጨመር ነው።

የዱር እንስሳቱም ከዚሁ ማዕድ ነው የሚበሉት። አፋር ውስጥ ያለው የአላይደጌ ሜዳ ሳላ የሚኖርበት ነው፤ ግሬቪ የሚባለው፣ ከዓለም ላይ እየጠፋ ያለው የሜዳ አህያም እዚያ ይኖራል። ሁለቱም ገላጣ የሣር ሜዳ ይፈልጋሉ፣ ጠላታቸውን ከሩቅ ማየት ስላለባቸው። ፕሮሶፒስ ሜዳውን ሲዘጋው ግጦሹንም ዕይታውንም ያሳጣቸዋል። ጥቅጥቁ የሚመቸው ለጅብና ለአንበሳ ነው። ተደብቀው ቆይተው የመንደሩን ፍየል ይዘው ዞር።

ወደ ውሃው እንምጣ። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ግንዱ ላይ መሣሪያ ገጥመው በውስጡ የሚያልፈውን ውሃ ለኩ። በአማካይ አንድ ዛፍ በቀን 7 ሊትር ይጠጣል። ትንሽ ነው? ነው። ግን ፕሮሶፒስ አንድ ዛፍ ሆኖ አይገኝም። ከዚያም ሌላው ተክል ቅጠሉን አራግፎ ዝናብ ሲጠብቅ እሱ ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል። ይህ በክልሉ ሁሉ ሲባዛ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። አዋሽ ራሱ በዓመት የሚኖረው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው 5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ነው። እርግጥ ዛፉ የሚጠጣው ሁሉ ከወንዙ አይደለም፣ ዝናቡም የከርሰ ምድሩም አለበት። ቢሆንም ተመራማሪዎቹ ይህ ውሃ ለመስኖ ቢውል 460 ሺህ ሄክታር ጥጥ ያለማ ነበር ብለው አስልተዋል። የውሃ ጉድጓድ ሲደርቅ ሰማዩን ብቻ የምንወቅስ ሰዎች ይህን ብናስብበት አይከፋም።

እሾሁን ረስቼው። ረጅምና ጠንካራ ነው። የእንስሳ ሰኮና ይወጋል፣ የመኪና ጎማ ያፈነዳል። ሰው ላይ ሲገባ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ቶሎ ሕክምና ካላገኘም እግር እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

ፍሬው መኖ ነው ብለናል። ግን ብቻውን ለረጅም ጊዜ ሲበላ ጣጣ አለው። ተክሉ ውስጥ ያሉ አልካሎይድ የሚባሉ መርዛማ ቅመሞች መንጋጋን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ይጎዳሉ። እንስሳው ማኘክ ያቅተዋል፣ ፊቱ ይጣመማል፣ ምግቡ ከአፉ ይወድቅበታል፣ ይከሳል። ብራዚል ውስጥ በሽታው የታወቀ ነው። ኬንያ ባሪንጎ ውስጥ ደግሞ አርብቶ አደሮቹ ስኳሩ የፍየሎቻችንን ጥርስ ጨረሰው ብለው በ2006 መንግሥታቸውን ከሰሱ። ናይሮቢ ፍርድ ቤት ድረስ ጥርሷ የረገፈ ፍየል ይዘው ነው የቀረቡት። ምስክር ማለት ይሄ ነው።

ወባውም አለ። የወባ ትንኝ ከደም በፊት የምትኖረው በአበባ ወለላ ነው። ማሊ ውስጥ ተመራማሪዎች ከአንዳንድ መንደሮች የፕሮሶፒስን አበባ ያዘሉ ቅርንጫፎች ቆርጠው አስወገዱ። በእነዚያ መንደሮች የትንኙ ቁጥር በ70 በመቶ ገደማ ቀነሰ፣ በተለይም በሽታውን የሚያስተላልፉት ዕድሜ የጠገቡት ሴት ትንኞች። ሌላው ተክል ሁሉ በደረቀበት ወቅት ፕሮሶፒስ ማበቡ ለትንኟ ስንቅ ሆኗታል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ለምን ይፈለጋል?

ስለሚጠቅም ነዋ። ይህን ሳናምን ስለ መፍትሔ ማውራት ቀልድ ነው።

በመጀመሪያ ከሰሉ። የፕሮሶፒስ እንጨት ጠጣርና ከባድ ነው፣ እሳቱ ይበረታል፣ ይቆያል። የሚከሰለው በድሮው መንገድ ነው። እንጨቱ ተቆርጦ ይከመራል፣ በሣርና በቅጠል ይሸፈናል፣ ከላይ አፈር ይለበሳል፣ ከዚያ በአንድ በኩል እሳት ይሰጠዋል። ለቀናት ይጤሳል። ከሳዩ እንቅልፍ የለውም፤ አፈሩ የተሰነጠቀበትን እየደፈነ ያድራል። አየር ከገባ ከሰሉ አመድ ሆኖ ያድራልና። በዚህ ዘዴ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ብዙ ኪሎ እንጨት ያልቃል። ግን እንጨቱ በነፃ ስለሆነ ማንም አይቆጥረውም። ብዙውን ጊዜ የሚያከስሉት ከሌላ ቦታ የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው፣ የመሬቱ ባለቤት የሆነው ጎሳ ደግሞ ድርሻውን ያገኛል። ድርቅ ሲመጣና ከብት ሲያልቅ ይህ ገንዘብ የብዙ ቤት ጎሮሮ ነው።

ቀጥሎ ፍሬው። በጥሩ ሁኔታ ደርቆ ከነዘሩ ከተፈጨ ከፉርሽካና ከፋጉሎ ጋር ተቀላቅሎ የሚሆን መኖ ይወጣዋል። ፕሮቲንም ስኳርም አለው። ወፍጮው ደግሞ ዘሩን ይሰብረዋል፣ የተሰበረ ዘር አይበቅልም። ፔሩ ውስጥ የዚህ ተክል ዘመድ ፍሬ ተቀቅሎ አልጋሮቢና የሚባል ጥቁር ሽሮፕ ይሠራበታል፤ ሰዎቹ መጠጥ ውስጥ ሳይቀር ይጨምሩታል። እኛ ዘንድ ወደ ሰው ምግብነት ይለወጣል ብዬ ብዙም አልጠብቅም፣ ለእንስሳው ቢሆን ግን ይበቃል።

ማሩ ጥሩ ነው። ንብ ሌላ አበባ ባጣችበት ወር ይደርስላታል። አጥርና የቤት ምሰሶም ይሆናል፣ ምስጥ በቶሎ አይደፍረውም። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከውጭ በዶላር ለሚያስመጡት የድንጋይ ከሰል ምትክ እንዲሆን ሐሳብ ሲነሳም ቆይቷል። አፈሩንም አንርሳ። እንደ ሌሎቹ የጥራጥሬ ዘመዶች ናይትሮጅን ከአየር ስቦ ወደ አፈር ያስገባል፣ ጨው የበላውን መሬትም ያሻሽላል። ፕሮሶፒስ ተመንጥሮ በተዘራበት መሬት ላይ ጥጥና በቆሎ የሚያምረው ለዚህ ነው።

ማክሰል ማጥፋት ነው?

እንግዲህ «ተጠቅመን እናጥፋው» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ጥሩ ይመስላል። እየተሸጠ ያልቃል፣ ሰውም ይጠቀማል፣ ሣሩም ይመለሳል። በ2000ዎቹ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በአሚባራና በገዋኔ የከሰልና የፍሬ መፍጨት ማኅበራት እንዲቋቋሙ የረዳው በዚህ መንፈስ ነበር።

አሁን ከሳዩን እንከተለው። መጥረቢያውን ይዞ የሚሄደው ወዴት ነው? ወፍራም ግንድ ወዳለበት፣ መኪና ወደሚገባበት። የሚቆርጠው የቱን ነው? ወፍራሙን። ጉቶውን ይቆፍራል? ለምን ብሎ! ጉቶ መቆፈር ግማሽ ቀን የሚፈጅ፣ ምንም የማይከፈልበት ሥራ ነው። ደግሞም ጉቶው ከተወው ያቆጠቁጣል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ ይቆርጠዋል። ይህ ሰው የባሕር ዛፍ ገበሬ የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው። እየቆረጠ ያለማዋል እንጂ አያጠፋውም። ልወቅሰው አልችልም፣ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ያንኑ ነው የማደርገው።

ከዚያ ሌላ ወረራው የሚካሄደው ከሳዩ በሌለበት ነው። ፕሮሶፒስ አዲስ መሬት የሚይዘው ከዋናው ጥቅጥቅ ራቅ ብሎ፣ እበት በወደቀበት፣ ጎርፍ በተኛበት ነው። እዚያ ያለው የጣት ውፍረት እንኳ የሌለው ችግኝ ነው። ከችግኝ ከሰል አይወጣም። ገበያው መሃሉን ሲልግ ዳሩ ይሰፋል። ክልሉ ውስጥ ከ1986 እስከ 2017 በአማካይ በየዓመቱ ከ30 ሺህ ሄክታር በላይ አዲስ መሬት ሲያዝ እኮ ከሰሉ ይከሰል ነበር።

ሦስተኛም ጣጣ አለ። ከሰል አንዴ ከተከሰለ የምኑ ዛፍ እንደነበር ማን ያውቃል? የፕሮሶፒስ ነው ተብሎ የአገሩ ግራር እየተከሰለ ገበያ የወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። 

የፍሬው ነገር ከከሰሉ ይለያል። ፍሬ መልቀምና መፍጨት የመስፋፋቱን ሞተር ራሱን ይነካል፣ ስለዚህ እኔ ከከሰል ይልቅ ለዚህ ነው የማደላው። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ፍሬው ውስጥ ያለው ስኳር በደንብ ካልደረቀ ወፍጮውን እንደ ማስቲካ ይይዘዋል፤ ወፍጮ የተበላሸበት ማኅበር ሥራውን ይተወዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ፍሬው ሳይፈጭ በጆንያ ተጭኖ ወደ ሌላ አካባቢ በመኖ ስም መሸጡ ነው። በመኪና ወረራ ማስፋፋት ይሏል ይሄ ነው።

ሌሎች ምን ሞከሩ?

አውስትራሊያ በ1998 ኤቪፔ የምትባል ትንሽ የእሳት ራት ከአርጀንቲና አምጥታ ለቀቀች። ትሏ ቅጠሉን ጠቅልላ ትበላለች። ዛፉን አትገድለውም፣ ግን ታዳክመዋለች፣ ፍሬው ያንሳል። ደቡብ አፍሪካ ቀደም ብላ በ1987 ዘሩን የሚቦረቡር ጢንዚዛ አስገብታለች። ጢንዚዛው ሥራውን ያውቃል፣ ችግሩ ከብቱ ፍሬውን ቀድሞት መብላቱ ነው። ደቡብ አፍሪካ ዛፉን ትቶ ዘሩን ብቻ የሚበላ ነፍሳት የመረጠችው ከዛፉ የሚጠቀሙትን ሰዎች ላለመጉዳት ብላ ነው፤ እኛም ወደዚያ ብንሄድ ክርክሩ አይቀርልንም።

በአውስትራሊያ ግንዱ ሥር ቅርፊቱ ላይ በናፍጣ የተበጠበጠ ፀረ አረም ይቀባሉ። ይሠራል። ለአንድ እርሻ ባለቤት ያዋጣው ይሆናል፣ ለሚሊዮን ሄክታር የአርብቶ አደር መሬት ግን ወጪው አይታሰብም።

ለእኛ የሚቀርበው የባሪንጎው ልምድ ነው። መሬቱን መንጥረው፣ ጉቶውን ነቅለው፣ ወዲያው ሣር ይዘሩበታል፣ ያጥሩታል። ሣሩ ሲደርስ አጭደው ይሸጣሉ፣ ዘሩንም ይሸጣሉ። አጥሩ ውስጥ የሚበቅለውን ፕሮሶፒስ እነሱው ይነቅሉታል፤ ሣሩ ገንዘባቸው ስለሆነ። መንጥሮ ባዶ መተው ግን ለሌላ ዙር ወረራ ማዘጋጀት ነው። መካከለኛው አዋሽ ላይም በዶዘር ተመንጥረው ወደ እርሻ የተመለሱት ቦታዎች ንጹሕ የሆኑት ሰው በየወቅቱ ስለሚያርሳቸው ነው፣ እርሻው የቆመ ዕለት ይመለሳል።

ስለዚህ መልሱ እንደ ቦታው ይለያያል። ጥቅጥቅ ብሎ መንደሩን በዋጠበት ቦታ ከሰሉም እንጨቱም ይቀጥል፣ ጉቶውም እየተነቀለ መሬቱ ወደ እርሻ ወይም ወደ ሣር ይመለስ። ገና ችግኙ ብቅ ባለበት፣ እንደ አላይደጌ ዳርቻ ባለው ሜዳ ላይ ግን ስለ ጥቅሙ ማውራት ጊዜ ማጥፋት ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ዝናብ ከጣለ በኋላ መሬቱ ሳይደርቅ በረቱን፣ ውሃ ዳሩንና የከብት መንገዱን እየዞሩ በእጅ መንቀል ነው። በዚያ ጊዜ ችግኙ ከነሥሩ ይወጣል። አንድ ዓመት ካለፈው በዶማ ነው፣ ሦስት ዓመት ካለፈው በብዙ ላብ ነው። ከተወረረ አካባቢ የሚመጣ ከብትም ወደ ንጹሕ ሜዳ ከመግባቱ በፊት ሳምንት ያህል በረት ውስጥ ሌላ መኖ እየበላ ቢቆይ ሆዱ ውስጥ ያለው ዘር እዚያው ይወጣል፣ እዚያው ይነቀላል።

ችግኝ ነቃዩን ማን ይክፈለው? ከሳዩ በየማዳበሪያው ገንዘብ ያገኛል፣ ችግኝ ነቃዩ ግን ለሠራው ሥራ የሚያሳየው የለውም። የነቀለው ነገር ዛፍ ሳይሆን ቀርቷልና። ሀገር አቀፍ ስትራቴጂ ወጥቷል፣ በውስጡም ቀድሞ መከላከል ተጽፏል። እኔ ብጠየቅ ጅቡቲ መንገድ ላይ በኬላው ከሚያልፈው ከእያንዳንዱ ማዳበሪያ ከሰል ጥቂት ብር ለይቶ፣ በክረምት ወራት በየቀበሌው ችግኝ ለሚነቅሉ ወጣቶችና ሴቶች የቀን አበል ማድረግ ነው የምለው። መሃል ላይ ያለው እሾህ ዳር ላይ ላለው ይክፈል።